ቀርከሃ ሲሸብት

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ከሚገኙት የባህል ዕቃ መሸጫዎች በአንዱ፣ ከጋቢና ከቡሉኮ ክምር በላይ፣ የዶርዜ ቤት በትንሹ ተሠርቶ ተቀምጧል። ቁመቱ ክንድ አይሞላም። ቀርከሃው በቀጭኑ ተሰንጥቆ በጥንቃቄ ተጠልፏል፤ ከፊት የሚወጣው የደጃፉ አፍንጫና ከላይ ያሉት ሁለት የጭስ መውጫዎች በቦታቸው አሉ። ዝሆን ይመስላል የሚባለውም በእነዚህ ምክንያት ነው። መጨረሻ ላይ ቨርኒሽ ጠጥቶ ያብረቀርቃል፤ ከጫፉ እስከ እግሩ አንድ ዓይነት ቢጫ ነው። የሠራው ሰው እጁ ይባረክ። ነገር ግን ዶርዜ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀለም ያለው ቤት የሚታየው ተሠርቶ ባለቀ ሰሞን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ላሉት አሥርት ዓመታት ሁሉ ቤቱ ሌላ መልክ አለው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሌላ መልክ ነው፤ እንጨትና ቀርከሃ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ጭስና ምስጥ ሲፈራረቁበት ምን ቀለም እንደሚይዝ፣ ያንንም ቀለም በትንሽ ሞዴል ላይ እንዴት ማምጣት እንደሚቻል። የቤት ሞዴል የሚሠሩ የአርክቴክቸር ተማሪዎች፣ የባህል ዕቃ ሠሪዎችና የሙዚየም ሰዎች ቅርጹን አሳምረው ያወጡታል፤ ቀለሙ ላይ ሲደርሱ ግን ወደ ቨርኒሹ ጣሳ ይሄዳሉ። እዚያ ላይ ብዙ ነገር ይጠፋል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጨንቻ 2,700 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። መኪናው ሲጠመዘዝ ሙዙና ማንጎው ወደ ኋላ ይቀራል፤ አባያ በደለሉ ቀልቶ፣ ጫሞ ከእሱ ጠርቶ ከታች ይታያሉ። ጥቂት ሲቆይ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጉም ይወርዳል፣ የመንገዱ ዳርና ዳር እንሰትና የደጋ ቀርከሃ ይሆናል። በጋሞ ደጋ ያለችው ዶርዜ ከጨንቻ በፊት ናት። የዶርዜ ወንዶች በሽመና የታወቁ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የተሸመነ ጥበብ የለበሰ ሁሉ የእጃቸውን ሥራ ያውቃል። ቤታቸውም ይሸመናል። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ጁዲት ኦልምስቴድ እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለዚህ ቤት ስትጽፍ የቀርከሃ ቅርጫት ብላዋለች። ማገሩ ከታች ጀምሮ እየተጠላለፈ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ይገጥማል፤ ከዚያም ከቀርከሃው ግንድ ላይ በሚገፈፈው ደረቅ ልባስ ይከደናል። የእንሰት ቅጠል ወይም ሣር የሚጨመርበትም አለ። አዲስ ቤት እስከ 12 ሜትር ሊረዝም ይችላል።

ካየናቸው ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ባለቤቱ፣ ሸምገል ያሉ ሸማኔ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመው ነበር።

«ቤቱ ስንት ዓመቱ ነው አባባ?»

«እኔ ሳገባ ነው የተሠራው። የመጀመሪያ ልጄ አሁን የልጅ ልጅ አሳይቶኛል።» እጃቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ። «ያኔ ጫፉን ለማየት አንገት ያማል ነበር። ምስጥ ከታች ይበላል ልጄ፣ እኛም የተበላውን እንቆርጣለን። ቤቱ ይወርዳል እንጂ አይወድቅም።»

የዶርዜ ቤት በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ያጥራል። የበሰበሰው ግርጌ ሲወገድ መላው ቤት ዝቅ ይላል፣ በሩም እንደገና ወደ ላይ ይቀደዳል። ምስጡ ከበረታም ቤቱ ከነሙሉ አካሉ በሰው ትከሻ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል። ነዋሪዎቹ አንድ ቤት ከ60 እስከ 80 ዓመት ይኖራል ይላሉ። ስለዚህ ቁመቱ ዕድሜውን ይናገራል፤ ቀለሙም እንዲሁ። ረጅም ሆኖ ያረጀ ቀለም ያለው፣ ወይም አጭር ሆኖ አዲስ የሚመስል ሞዴል አገሩን የሚያውቅ ሰው ዓይን ውስጥ አይገባም።

ግድግዳውን ጠጋ ብዬ አየሁት። ከሩቅ አመድማ የሚመስለው ክዳን ከቅርብ ሲታይ አንድ ቀለም አይደለም። ጫፉ አካባቢ ነጣ ብሎ የብር መልክ አለው። ወገቡ ላይ ግራጫው ይጠቁራል፤ ብዙ ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉበት። ጥላ በሚበዛበትና የጎረቤት እንሰት በተጠጋበት ወገን አረንጓዴ የዛፍ ሽበት በቅሎበታል። ከደጃፉ አፍንጫ ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ፣ ቀርከሃው ዛሬም የማር ቀለም አለው። ከመሬት እስከ ጉልበት ያለው ክፍል ጠባሳ የሞላበት ነው፤ ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚፈናጠረው ቀይ አፈር ለብሶ ደርቋል፣ በመካከሉም ምስጥ የሠራቸው ቀጫጭን የጭቃ መንገዶች ይወጣሉ። አንዱን ስንጥር በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው ግራጫው እንደ ብራና ስስ ሆኖ ተነሣ፤ ከሥሩ ያለው ቀርከሃ ቢጫ ነው።

ግራጫው ላይ ላዩን ብቻ መሆኑ ምክንያት አለው። እንጨትም ሆነ ቀርከሃ በዋናነት የተሠራው ከሴሉሎስ ጭረቶችና ጭረቶቹን አጣብቆ ከያዘው ሊግኒን ከሚባለው ነገር ነው። ፀሐይ የምትልከው አልትራቫዮሌት ጨረር ሊግኒኑን ይሰባብረዋል። መጀመሪያ ገጹ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ከዚያ ዝናብ የተሰባበረውን ሊግኒን አጥቦ ሲወስደው ነጣ ያለው ሴሉሎስ ብቻውን ይቀራል። በእርጥበቱ ላይ የሚያርፉ ጥቃቅን ሻጋታዎች ያንን ንጣት ወደ ግራጫ ይለውጡታል፤ ያየኋቸው ጥቁር ነጠብጣቦች እነሱ ናቸው። ጨረሩ ግን ጠልቆ አይገባም። በምዕራቡ ዓለም ለስላሳ እንጨት ላይ በተደረጉ ልኬቶች ውጭ የተተወ ጣውላ በመቶ ዓመት የሚሸረሸረው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከፍታ ሲጨምር አልትራቫዮሌቱ ስለሚበረታ፣ ዝናቡና ጉሙም ስለማይጠፋ፣ ለመሸበት የጋሞ ደጋ ምቹ አገር ነው።

አውሮፓውያን ባዘጋጁት የሞዴል መመሪያ ብቻ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ይስታል። በእነሱ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ ደቡብ ያጋደለች ስለሆነች የቤት ደቡባዊ ወገን ቀድሞ ይነጣል። ጨንቻ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ በቀረው ጊዜም አንዴ ወደ ሰሜን አንዴ ወደ ደቡብ ትላለች። ስለዚህ የዶርዜ ቤት የሚነጣው ከአናቱ ጀምሮ ዙሪያውን ነው። ሞዴሉም ላይ በጣም የነጣው ቀለም ጫፉ ላይ ማረፍ አለበት።

ገና በሩን ስንገባ ዓለሙ ሌላ ሆነ። ምድጃው መካከል ላይ ነው፤ በአንድ ወገን በቀርከሃ ተከልሎ ከብቶች ያድራሉ፣ ትንፋሻቸውም ቤቱን ያሞቃል። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ጣሪያው መታየት ጀመረ። ከወገብ በታች ያለው ማገር ጥቁር ቡናማና ደብዛዛ ነው፤ ወደ ላይ በሄደ መጠን ይጠቁራል፣ ጫፉ ላይ እንደ ተቀባ ቆዳ ያብለጨልጫል። በክንድ ርቀት ውጭ ግራጫ፣ ውስጥ ጥቁር። ቤቱን ያቆየውም ይህ ጥቁረት ነው። ቀርከሃ ውስጥ ነቀዝ የሚወደው ስታርች አለ፤ ሳይታከም የተተወ ቀርከሃ በአጭር ጊዜ ዱቄት ይሆናል። ጭሱ ግን ቀርከሃውን ያደርቀዋል፣ በጭሱ ውስጥ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ውሕዶችና ቅጥራኑም እላዩ ላይ እየተጋገሩ ነቀዙንና ሻጋታውን ያርቃሉ። ይኸው ጭስ የእናቶችን ዓይንና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል፤ ማድቤታቸውን ለብቻ የሠሩ ቤተሰቦች ትክክል አድርገዋል። ቤቱን ለማወቅ የሚፈልግ ግን ያ ጥቁረት ቆሻሻ ሳይሆን መድኃኒት እንደነበር መረዳት አለበት።

ከዚህ ጣሪያ እስከ ባቡር ሐዲድ ሩቅ ይመስላል፤ ኬሚስትሪው ግን ዘመዳሞች ያደርጋቸዋል። እንግሊዛዊው ጆን ቤቴል እ.ኤ.አ. በ1838 ክሪዮሶት የተባለውን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚወጣ ዘይት በግፊት ወደ እንጨት የማስገባት ዘዴ አስመዘገበ። በሐዲድ ሥር የሚረበረቡት እንጨቶች በዚያ ዘዴ ዕድሜ አገኙ። ክሪዮሶቱም ነፍሳትንና ሻጋታን የሚያርቀው በዋናነት ከቅጥራን በሚገኙ መርዛማ ውሕዶች ነው፤ ሰውንም የሚጎዳ ነው። የእኛ ገበሬ የአጥር ቋሚ ሲተክል መሬት የሚገባውን ጫፍ እሳት የሚያስልሰው፣ ወይም የተቃጠለ ዘይት የሚቀባው በዚያው ዓላማ ነው።

የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቀለም ከማንም በላይ አጥንተውታል። ማርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ ከነሐዲዱ የሚገጣጠም የመጫወቻ ባቡር ካቀረበ ወዲህ ሥራው ከልጆች መጫወቻነት አልፎ የአዋቂዎች ሙያ ሆኗል። በጣም የተለመደው መጠን 1 ለ 87 ነው። እነዚህ ሰዎች ከሎኮሞቲቩ ይልቅ የሚደክሙት ለእንጨቱ ነው። አዲስ የተነከረ የሐዲድ እንጨት ጥቁር ቡናማ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ዓመታት ሲያልፉ አቧራማ ቡናማ፣ ከዚያም የተሰነጣጠቀ ግራጫ ይሆናል፤ በመካከሉ ደግሞ በቅርቡ የተተካ ጥቁር አንድ ሁለት ይገኛል። እነሱም አንዱን ከአንዱ ለይተው ይቀባሉ። ሁሉንም አንድ ዓይነት የቀባ ሰው ሥራው የውሸት መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል።

ይሁንና ቀለም ከአገር አገር አይቀዳም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 የደረሰው የጅቡቲ ባቡር 784 ኪሎ ሜትር የሚሆን የአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ነበር፤ ሐዲዱም በአብዛኛው የተዘረጋው በብረት ርብራብ ላይ ነው። ያንን መስመር በሞዴል የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የሚያስፈልገው የዝገት ቀለም እንጂ የክሪዮሶት ቀለም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ በኮንክሪት ላይ ነው የሚሄደው። አርባ ምንጭ ባቡር አልደረሳትም። የጋሞ ልጅ ያረጀ እንጨት ሊማርበት የሚችለው ትልቁ መማሪያ ከደጁ ያለው ቤት ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ መጠኑን መምረጥ ያስፈልጋል። በ1 ለ 87 አንድ የ12 ሜትር ቤት 14 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሰፋው ስንጥር ደግሞ ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሆን በእጅ መጥለፍ አይቻልም። በ1 ለ 25 ቤቱ 48 ሴንቲ ሜትር፣ ስንጥሩ ስምንት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሰለጠነ የቀርከሃ ሠራተኛ ይህን ይወጣዋል። ቤቱ ያረጀ እንዲሆን ከተፈለገ ቁመቱ ከመጀመሪያው ይቀነስ፤ ስድስት ሜትር የቀረው ቤት በዚህ መጠን 24 ሴንቲ ሜትር ነው።

ቀለም ከመግባቱ በፊት የቀርከሃው ቆዳ ይነሣ። የቀርከሃ ውጫዊ ገጽ ሰም መሰልና ሲሊካ የበዛበት ስለሆነ ውኃ አያስገባም፤ ቀለም ቢቀባበት ላዩ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። በቢላዋ ተፍቆ በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽ ግን ይጠጣል። ቨርኒሽ አንድ ጊዜ የገባበት ስንጥርም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ግራጫውን ለማምጣት የሚያስፈልገው ሁሉ ከማድቤት ይገኛል። ዝገት የሚይዝ የዕቃ መፈተጊያ ሽቦ ወይም የዛገ ምስማር በአቼቶ ውስጥ ጥቂት ቀን ይነከር፤ የማይዝገው ዓይነት ሽቦ ምንም አይሰጥም። ጋዝ ስለሚወጣው ጠርሙሱ ጥርቅም ተደርጎ አይከደን፣ እሳት አጠገብም አይቀመጥ። ብረቱ በአቼቶው ሲሟሟ የሚገኘው ውኃ እንጨት ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ሲገናኝ ወደ ግራጫና ጥቁር ይለወጣል። አውሮፓውያን ለዘመናት የጻፉበት ቀለም የተሠራው በዚሁ ውሕደት ነው። ቀርከሃ ግን ታኒኑ አነስተኛ ስለሆነ ብቻውን አይሸብትም። ስለዚህ አስቀድሞ በወፍራሙ የፈላ ሻይ ቅጠል ይቀባ፤ ሻዩ ታኒኑን ይሰጠዋል። ሲደርቅ የብረቱ ውኃ በስሱ ይከተል። ቀለሙ ወዲያው ስለማይወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቸኩሎ የደገመ ሰው ከሰል ያገኛል። በቁራጭ ቀርከሃ ላይ ሳይሞክሩ ሞዴሉን መንካት አይገባም። አናቱ ላይ ሻዩ ቀጠን፣ ወገቡ ላይ ወፈር ይበል፤ ከደጃፉ አፍንጫ ሥር ሻይ ብቻ ይቀባና የብረቱ ውኃ አይድረሰው፤ ያ የማር ቀለም እዚያ ይቀራል። መጨረሻ ላይ እርጥበቱ የተጠረገለት ብሩሽ ጫፍ ላይ ጥቂት ነጭ ቀለም ወስዶ አናቱን ዳበስ ማድረግ የብሩን መልክ ያመጣዋል።

የውስጡ ጥቁረት ከዚህ ይለያል። እሱን ብረት አያመጣውም፤ የሚያመጣው ጥቀርሻ ነው። ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥቀርሻ በወንፊት ተነፍቶ፣ በውኃ በቀጠነ ኮላ ተለውሶ፣ ትንሽ ቡናማ ተጨምሮበት ከጫፍ ወደ ታች እየሳሳ ይቀባል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለማቸውን በጥቀርሻ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ካርቦን በብርሃን አይደበዝዝም፣ ለዚህም ነው ጽሑፋቸው ዛሬም የሚነበበው። ጫፉ አካባቢ ብቻ በስሱ ሰም ቢታሽ ያ የቅጥራን ብልጭታ ይመጣል። ወደ ታች ግን ደብዛዛ ሆኖ ይቅር።

ለግርጌው ቀለም መግዛት አያስፈልግም። ከዚያው ከዶርዜ መንገድ ዳር የተወሰደ ቀይ አፈር ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በነጠላ ጨርቅ ተነፍቶ በውኃና በጥቂት ኮላ ይረጭ፤ ከጉልበት ቁመት ማለትም በሞዴሉ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ አይውጣ። ዝናብ አፈር የሚያፈናጥረው እስከዚያ ነው። የስንጥሮቹ ጫፍ እኩል አይቆረጥ፤ ምስጥ በመስመር አይበላም።

ሌላም ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ትልቁን ቤት የምናየው በጠራራ ፀሐይ ከሜትሮች ርቀት ላይ ሆነን ነው፤ ሞዴሉን ግን በክፍል ብርሃን ከቅርብ እናየዋለን። ከእውነተኛው ግድግዳ ላይ በልኩ የተቀዳ ቀለም በትንሹ ሥራ ላይ ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ ሁሉም ቀለም ከእውነተኛው ትንሽ ነጣ ይደረግ። የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ይህን ከብዙ ሙከራ በኋላ ደርሰውበታል።

በጋሞ ደጋ ቆርቆሮ ቤት በየዓመቱ ይበዛል። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ቀርከሃ ጠላፊም አይፈልግም፤ ቤተሰብ ቢመርጠው ማንም ሊፈርድበት አይችልም። የቀርከሃው ቤት ግን ከነዕድሜው ካልተመዘገበ ቀጣዩ ትውልድ የሚያውቀው በሎጅ ግቢ የቆመውን አዲሱን ወይም በመደርደሪያ ላይ የሚያብረቀርቀውን ቢጫ ብቻ ይሆናል።

አርባ ምንጭ ያላችሁ የአርክቴክቸር ተማሪዎች፣ መምህራንና የባህል ቢሮ ሠራተኞች፤ ወደ ዶርዜ ውጡ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ቁመቱን ለኩ፤ አናቱን፣ ወገቡን፣ ግርጌውንና የውስጡን ጣሪያ ለየብቻ ፎቶ አንሡ፤ ዕድሜውንና ስንት ጊዜ ከታች እንደተቆረጠ ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያ አንዱን አዲስ፣ አንዱን ጎልማሳ፣ አንዱን አዛውንት አድርጋችሁ ሦስት ቤት በአንድ ሰሌዳ ላይ ሥሩ። የባህል ዕቃ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶችም ከአሥሩ አንዱን ያለ ቨርኒሽ ሞክሩት፤ የሚገዛችሁ ሰው ያረጀውን ቤት ምን እንዳቆየው ሲጠይቅ የምትነግሩት ታሪክ ይኖራችኋል።